የጋዝ ጎማው ሹም

ሰኞ 3

ዛሬ ተሾምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወጥ ቤታችን ጣሪያ ዝናብን ከማሳለፍ አልፎ ማስተናገድ ስለ ጀመረ፣ የባለቤቴ ዳቦ ወደ ጓሮ ተሰደደ። አዲስ የጋዝ ምድጃ መጥቶ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሟል። ጣሪያው እስኪጠገን ድረስ ከመንገዱ ማዶ ላለው ክሊኒክ የታማሚዎች ቁርስ፣ በየጠዋቱ ስድሳ ዳቦ፣ እዚያ ይጋገራል። ሲሊንደሩ አጠገቡ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሞ ይቆለፍበታል። ችግሩ ጎማው ነው፤ ጋዙን ከሲሊንደሩ ወደ ምድጃው የሚያደርሰው ቱቦ። የጓሯችን አይጦች ከዳቦ ይልቅ ጎማ ይወዳሉ። ስለዚህ ጎማው ጠዋት ይገጠማል፣ ሥራ ሲያልቅ ይፈታል፣ በረንዳው ላይ ካለው ሚስማር ይሰቀላል። በየቀኑ፣ ያለ ዕረፍት።

"ይህን ማን ይሥራው?" አለች ባለቤቴ፣ እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ እንደ ሆነ።

"እኔ!"

ትንሽ ሳልጮህ አልቀረሁም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በዚህ ቤት ብዙ ሥልጣን ይዤ ብዙ ሥልጣን ለቅቄአለሁ። ከልብስ ተኩስ በአንድ ነጭ ሸሚዝ ምክንያት ተነሣሁ። ከአበባ ማጠጣት ደግሞ፣ የላስቲኮቹንም አበቦች ሳጠጣ ስለ ተገኘሁ፣ ተመስግኜ ተሰናበትኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የመሥሪያ ቤት ማኅተም የያዘች እጅ ሥራ ፈትታ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ዕድሜያቸው ሰማንያ ሁለት ነው፤ ምላሳቸው ግን በየዓመቱ ይሳላል። "እሱ?" አሉ። "ጎማው እሱን ይፈታዋል እንጂ እሱ ጎማውን አይፈታም።"

ሹመቱ በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ።

ያ ያለፈው ወር ጉንፋን ለቆኛል። ሲሄድ አንዳንድ ዕቃዬን ይዞብኝ ሄዷል። ይመልሳል።

ረቡዕ 5

ሥልጠና ወሰድኩ። አሠልጣኜ ጎረቤታችን ቧንቧ ሠራተኛው ነው። ብሎን መፍቻውን እንደ እርሳስ ጆሮው ላይ ስለሚሰካ ሰፈሩ ካቻቢቴ ይለዋል።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ሲሊንደሩ ዝግ መሆኑን በእጅዎ ይሞክሩት። በዓይን አይታመንም። ከዚያ ይቺን ይፈልጉ።" ጎማውን ከሲሊንደሩ ከሚያስረው ብሎን፣ ከዳዶው፣ አፍ ውስጥ ቀለበት የምታህል ጥቁር ጎማ አሳየኝ፤ ጎሚኒ ይላታል። "እሷ ከተሰነጠቀች አለቀ፣ ያፈሳል። ቀጥሎ ዳዶውን ወደ ግራ ያጠብቁ።"

"ወደ ግራ ይፈታል እንጂ ይጠብቃል እንዴ?"

"የጋዝ ግልባጭ ነው። ሌላው ሁሉ ወደ ቀኝ ይጠብቃል፣ ይሄ ወደ ግራ። ሰው እንዳይሳሳት ብለው ነው።"

ሰው እንዳይሳሳት ሲባል መገልበጥ! መሥሪያ ቤቴ ትዝ አለኝ። ወዲያው ገባኝ።

በእጅ አጥብቄ በቁልፍ ትንሽ ጨመርኩበት። ጎማው እንዳይጠማዘዝ፣ የምድጃውን ትኩስ ጎን እንዳይነካ አድርጌ ዘረጋሁት። ጥሩ ተማሪ ነኝ። በመጨረሻ ግን ካቻቢቴ ሳሙና አምጡ አለ። ሳሙናው በውሃ ተመትቶ፣ አረፋው መጋጠሚያው ላይ ተቀብቶ፣ ፊኛ ከነፋ ያፈሳል፤ ካልነፋ ሰላም ነው።

"ታዲያ አፍንጫ ለምን ተፈጠረ?" አልኩት።

"አፍንጫ ይሳሳታል ጋሼ። ሳሙና አይሳሳትም። ደግሞ በክብሪት ልፈትሽ እንዳይሉ! በክብሪት የፈተሸ ውጤቱን አይሰማም።"

ሳሙና አፍንጫ ለሌለው ሰው ነው። ካቻቢቴ ሲሄድ ጎንበስ ብዬ ዳዶውን እንደ ሽቶ ጠርሙስ አሸተትኩት። ባለቤቴ ከደጃፉ ጠየቀችኝ፦

"ሸተተህ?"

"ምንም አይሸተኝም!"

በሕይወቴ የዚህን ያህል እውነት ተናግሬ አላውቅም።

ቅዳሜ 8

ሁለት ትሪ ዳቦ አረረ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጋዜጣ ሳነብ። ሐሳብ ላይ ስለ ነበርኩ ነው።

አማቴ ከቤት ውስጥ ሆነው ጮኹ፦ "ኧረ ያ ሰውዬ ከነዳቦው እየነደደ ነው!" እኔ በሁለት ክንድ ርቀት ምንም ሳላውቅ፣ እሳቸው ከግድግዳ ወዲያ! ይህን የመሰለ አፍንጫ በዚህ ዕድሜ።

ባለቤቴ ያረረውን ሰበሰበችና ረጅም ጊዜ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

እሑድ 9

ባለቤቴ ሾርባ ሠራች። "ሽንኩርቱ እንዴት ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ድንቅ ነው! ዛሬ ሽንኩርቱን በልኩ አድርገሽዋል።"

ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችና አሁንም አየችኝ። ሴትየዋ በዚህ ሳምንት ማየት አብዝታለች። ሲያመሰግኗትም ደስ አይላትም።

ሰኞ 10

የአስተዳደር ማሻሻያ አደረግሁ። የአማቴን ወንበር አውጥቼ ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቆ አስቀመጥኩት። ለሙቀቱ ነው። አሮጊት ሰው ናቸው፣ ብርድ አይወዱም፣ ዝናቡም ጥላውን አልፎ አይደርስም።

ጎማውን ስገጥም እግረ መንገዴን ጠየቅኋቸው፦ "እማማ፣ ጋዝ ጋዝ ይላል?"

ኮስተር ብለው አየሩን ሳቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እንደ ዳኛ ቆዩና "ምንም አይልም" አሉ።

አንድ ሹም ያለ አማካሪ አይሠራም።

ሐሙስ 13

ደስ የሚል ጠዋት። ዳቦው ሲወጣ የሕፃን ጉንጭ መስሏል። የክሊኒኩ ነርስ "የእናንተን ዳቦ የበላ ታማሚ ቶሎ ስለሚነሣ አልጋችን ባዶ ሆነ" ብላ ቀለደች። እኔ ከበሬታውን ለጎማው አስተላለፍኩ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ጎማውን ልፈታ ስል መጋጠሚያው ላይ የደረቀ ነጭ ነገር አገኘሁ። ትናንትም ነበር። ርግቦቹ ይሆናሉ። ጠዋት እኔ ገጥሜ፣ እጄን ታጥቤ ሊጡን ይዤ እስክመለስ ድረስ ይሠሩታል ማለት ነው። ትጉህ ርግቦች ናቸው። ለባለቤቴ ብነግራት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳለች።

የዕቃ ማጠቢያው ስፖንጅም ጠፍቶ ጓሮ ተገኘ። ይህ ቤት ሥርዓት ያስፈልገዋል።

ረቡዕ 19

ዛሬ ደነገጥኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ ብቻ።

ሥራ ሲያልቅ የምድጃውን ማጥፊያ አዞርኩ፣ እሳቱ ጠፋ፣ ሲሊንደሩን ዘጋሁ፣ ዳዶውን ፈታሁ። ጎማው "ፍስስስ!" ብሎ እንደ እባብ ፊቴ ላይ ተነፈሰ። ጆሮዬ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጆሮዬስ ደህና ነው። ውስጡ ጋዝ ቀርቶበት ኖሯል። ምድጃው ገና ትኩስ ነበር። ሁለት እርምጃ ርቀው አማቴ እያንጎላጁ ነበር።

ወደ ካቻቢቴ ሄጄ "አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ ቢያደርግ" ብዬ ጠየቅሁት።

"ጋሼ፣ ለዚያ ሰው ይንገሩት፤ መጀመሪያ ሲሊንደሩን ይዝጋ። እሳቱ ጎማው ውስጥ ያለውን በልቶ፣ ተርቦ፣ ራሱ ይሙት። ከዚያ ነው የምድጃውን ማጥፊያ የሚያዞረው። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ይፍታ።"

"እነግረዋለሁ።"

"ሳሙናውንስ ይቀባል ሰውየው?"

"እሱ እንኳ አፍንጫው ደህና ነው" አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ማለት፣ አውቃለሁ። ሸሚዙ አለ። የላስቲክ አበቦቹ አሉ። ይችን ጎማ ከወሰዱብኝ ጠዋት ከአልጋ የምነሣው ለምንድን ነው?

ቅዳሜ 22

ልጃችን ልትወልድ ነው፤ ባለቤቴ ነገ ወደ እሷ ትሄዳለች። ሳምንት ያህል። ዳቦው ግን አይቋረጥም። አማቴ ሊጡን ይመራሉ፣ እኔ አቦካለሁ፣ እኔ እለኩሳለሁ። እስከ ዛሬ የምትለኩሰው ባለቤቴ ነበረች፤ እኔ ገጥሜ ስገባ እሷ ትወጣ ነበር።

"ትችላለህ?" አለችኝ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት..."

"ማኅተሙን ተወው። ጎማውን ትችላለህ?"

"ምን አለው!"

ልትል የፈለገችው ነገር ከንፈሯ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። የእኔም እንደዚያው። ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር የኖሩ ሰዎች እንዲህ ተያይተው አንዱ ስለ ሻንጣ፣ አንዱ ስለ ዝናብ ያወራሉ።

ማታ አንድ ሳህን ሳሙናና አንድ ብሩሽ ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች።

"ይሄን ምን ላድርገው?"

"ምንም። እዚያው ይሁን።"

ሰኞ 24

ገጠምኩ። ወደ ግራ። አማቴ፦ "ምንም አይልም።" ለኮስኩ። ስድሳ ዳቦ። አርባ ስምንቱ ዳቦ ይመስላል።

ማክሰኞ 25

ክንዴ ሞተ። አማቴ ሊጡን አይተው "ይሄ የተቦካ ነው የተደበደበ?" አሉ። "ምንም አይልም።" ለኮስኩ።

ረቡዕ 26

አልወለደችም ገና። ዝናብ። ነፋስ ገፍቶት መደርደሪያው ላይ ያለውን ሳህን ውሃ ሞልቶታል። "ምንም አይልም።" ለኮስኩ።

ሐሙስ 27

ይህን ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ሆኜ በእርጋታ እጽፋለሁ።

ጠዋት ገጠምኩ፤ ሲሊንደሩን ከፈትኩ። አማቴ በወንበራቸው፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ እንደ ልማዳቸው በክብር ተቀምጠዋል። የምድጃውን በር ከፈትኩ፣ ላይተሩን አነሣሁ።

"እማማ፣ ጋዝ ጋዝ ይላል?"

ሳቡ። ጨፈኑ። "ምንም አይልም።"

በዚህ ጊዜ ካቻቢቴ ያዋስኩትን መሰላል ሊመልስ በጓሮ በር ገባ፤ ሁለት እርምጃም ሳይራመድ መሰላሉን ጥሎ አፍንጫውን በክንዱ ያዘ።

"ኡፍፍ! ጋሼ! ምንድን ነው የሞተው?"

"የት?"

"እዚህ! ኧረ ሰው እንዴት እዚህ ይቀመጣል? እማማ፣ እንዴት ቻሉት?"

እየፈለገ ሄዶ ጎንበስ አለና ከአማቴ ወንበር ሥር በእንጨት ጎትቶ አወጣው። አይጥ ነው። ትልቅ፣ ያበጠ፣ ከሞተ ሦስት ቀን ያለፈው። ካቻቢቴ እያስመለሰው በአካፋ ይዞት ወደ ቆሻሻ መጣያው ሮጠ።

እኔና አማቴ ብቻ ቀረን። ላይተሩ እጄ ላይ ነው። ተያየን።

"እማማ፣" አልኩ ቀስ ብዬ፣ "ያ አይጥ አልሸተተዎትም?"

"አንተስ?"

ላይተሩን ዝቅ አደረግሁ። ጣሪያው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

"እኔማ ከሰባ ዓመቴ ወዲህ ጽጌረዳውም አይጡም አንድ ነው" አሉ በመጨረሻ።

"ታዲያ ዳቦው ያረረ ዕለትስ?"

"ጭሱን በመስኮት አየሁት።"

"በየቀኑ 'ምንም አይልም' የሚሉኝስ?"

ብርድ ልብሳቸውን ወደ አገጫቸው ሳቡ። "ከስንት ዓመት በኋላ በዚህ ቤት አንድ ሰው መጥቶ ምን ይመስልዎታል ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ልበልህ?"

እኔ እሳቸውን እንደ አፍንጫ አምጥቼ አስቀመጥኳቸው። እሳቸው እንደ ሰው የተጠየቁ መስሏቸው ተቀመጡ። አፍንጫ የሌለው ሰው አፍንጫ የሌለውን ሰው ሲያማክር፣ የባለቤቴን እናት ከሲሊንደር ሁለት እርምጃ ላይ አስቀምጬ፣ ሦስት ጠዋት ለኩሻለሁ። ሰኞ። ማክሰኞ። ረቡዕ። ለሙቀቱ ብዬ ነው ብዬ ነበር፤ ገጽ ገልጬ አነበብኩት። ውሸታም የእጅ ጽሑፉ ያምራል።

ላይተሩን ከጓሮው ማዶ ግንቡ ላይ አስቀመጥኩ። ከመደርደሪያው ሳህኑን አወረድኩ፣ የዝናቡን ውሃ አፈሰስኩ፣ ሳሙናውን መታሁ። ብሩሹን ይዤ መጋጠሚያውን ዙሪያውን ቀባሁት።

ፊኛ ወጣ።

መጀመሪያ እንደ ምስር፣ ቀጥሎ እንደ አተር፣ ከዚያ እንደ እንቁራሪት ጉንጭ። ፈነዳ። ሌላ ተተካ። እንዴት እንደሚያምር! ቀስተ ደመና ነበረበት።

ሲሊንደሩን ዘጋሁ። አማቴን ከነወንበራቸው ገፍቼ ወደ ግንቡ ወሰድኳቸው፤ አንዲት ቃል አልተቃወሙም፣ ይህም በታሪካቸው የመጀመሪያው ነው። ዳዶውን ወደ ቀኝ ፈታሁ። ጎሚኒዋ በአንድ ጎኗ እንደ ደረቀ ከንፈር ተሰንጥቃለች። ካቻቢቴ በሥልጠናው ዕለት የተወልኝን መለዋወጫ አስገባሁ፣ ወደ ግራ አጠበቅሁ፣ ከፈትኩ፣ እንደገና ቀባሁ። አረፋው ዝም። ነፋሱ ጓሮውን እስኪጠርገው ድረስ ቆየንና ለኮስኩ።

ዳቦው ግማሽ ሰዓት ዘገየ። ነርሷ "ዛሬ ምን ነካችሁ?" አለች።

"አይጥ ሞቶብን ነው" አልኩ። ነፍስ ይማር ልትለኝ ምንም አልቀራት።

ዓርብ 28

ወለደች! ሴት ናት፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ፣ ጤነኛ። ባለቤቴ በስልክ እያለቀሰች ነገረችኝ። ከዚያ ዳቦውንም፣ እናቷንም፣ እኔንም ሳትጠይቅ፦

"ሳህኑስ?"

"የቱ ሳህን?"

"ታውቀዋለህ።"

"እየሠራሁበት ነው" አልኩ።

ስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ከሄደች ጀምሮ ይዛው የቆየችው ትንፋሽ ይመስለኛል። የርግቦቹም ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ማክሰኞ 2

ባለቤቴ መጣች። ልቀበላት ስሄድ በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ መግቢያ፣ ሦስት ነጥብና መደምደሚያ ያለው። ሻንጣዋን ሳላስቀምጥ ጀመርኩ፦

"አንድ ነገር ልነግርሽ..."

"ሽንኩርት አልነበረበትም" አለች።

"ምን?"

"ሾርባው። አንድ ቅንጣት ሽንኩርት አልነበረበትም። ያን ዕለት አወቅሁ። ከዚያ ወዲያ አንተ ገጥመህ ስትገባ እየወጣሁ ሳሙና እቀባ ነበር። 'ርግቦቹ' ስትለኝ ልሞት ነበር በሳቅ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ ለምን አልነገርከኝም?"

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ የተቃጠለች ነጭ ሸሚዝ የሚያህል መልስ ነው። ኋላ እሷ ተናገረችው፦

"ጎማውን ስትገጥም እያፏጨህ ነው። ጡረታ ከወጣህ ወዲህ አላፏጨህም ነበር። እንዴት ብዬ ልንጠቅህ?" ትንሽ ቆይታ ጨመረች፦ "ስሄድ ግን ልናገር ይገባኝ ነበር። ሳህን አስቀምጦ መሄድ ምን ማለት ነው? ሌሊቱን ሁሉ ሳህን በሕልሜ አየሁ።"

ስለ ወንበሩም ነገርኳት። ሁሉንም። ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ቀለሟ ተለወጠ። ሹመቴ አበቃ ብዬ ጠበቅሁ።

"ከእንግዲህ" አለች፣ "ሳሙና ሳትቀባ እሳት የለም። ወንበሩ ግንቡ ጋ ይሁን። አፍንጫህንም ሐኪም ያየዋል።"

"ጎማውስ?"

"ጎማውን ማን ይሰቅለዋል ታዲያ? እኔ እዚያ ሚስማር አልደርስም።"

ሚስማሩን የመታችው እሷ ነች። አላነሣሁትም።

ሐሙስ 18

ሐኪሙ አፍንጫዬን አይቶ "ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል" አለ። መሥሪያ ቤታችን ቢቀጠር ሩቅ ይደርስ ነበር።

ጣሪያው ተጠገነ፤ ምድጃው ግን ጓሮውን ስለ ለመደ እዚያው ይቅር ተባለ። ካቻቢቴ አዲስ ጎማ አምጥቷል፤ የበፊቱ የአገልግሎት ቀኑ ሊያልፍበት ተቃርቦ ነበር፣ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀን ሳነብ የኖርኩ ሰው አላነበብኩትም።

ልጃችን ሕፃኗን ይዛ እኛ ዘንድ ናት፤ መስኮት ላይ ሆና ታሳየናለች። ዛሬ ጠዋት ሲሊንደሩ ዝግ መሆኑን በእጄ ሞከርኩ፣ ጎሚኒዋን አየሁ፣ ወደ ግራ አጠበቅሁ፣ ከፈትኩ። ባለቤቴ ላይተሩን ይዛ ቆማለች። አማቴ ከግንቡ ሥር፣ ከሩቅ ወንበራቸው ላይ፣ አየሩን በክብር ሳቡና ጮኹ፦

"ልጄ! ጋዝ ጋዝ ይላል?"

"ቆይ እማማ፣ ሳሙናውን ልጠይቀው።"

ጠየቅሁት። ዝም አለ።

ባለቤቴ ለኮሰች።